ሙቀት መውጫ ሲያጣ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል። የባጃጅ ሞተር ድምፅ ይገባል፤ ድንገት ይቆማል።)

አሁን የሰማችሁት ድምፅ ለሐዋሳ ሰው ማብራሪያ አያሻውም። ከሞኖፖል እስከ አቶቴ፣ ከመናኸሪያ እስከ አሞራ ገደል ቀኑን ሙሉ ከጆሯችን የማይጠፋው ባጃጅ ነው። ዛሬ ግን የምንነጋገረው ስለ ታሪፉም ስለ ተራ ማስከበሩም አይደለም። ከኋላ ወንበር በስተጀርባ ተደብቆ ስለሚሠራው ሞተርና በሞተሩ ዙሪያ እንደ መጽሐፍ ገጽ ስለተደረደሩት ስስ የአሉሚኒየም ክንፎች ነው።

ነገሩን እንዳነሣው ያደረገኝ መንገድ ላይ ያጋጠመኝ ነው። በበጋ አንድ ቀትር ላይ ከቱላ ወደ ከተማ እየመጣሁ ነበር። ሦስት ተሳፋሪዎች ነን፤ እግራችን ሥር ደግሞ የአንዲት እናት ሁለት ከረጢት ድንች አለ። ገና የአላሙራን ተራራ ሳናልፍ ሞተሩ ጉልበት እያነሰው መጣ፤ ተንተፋትፎም ቆመ። ወጣቱ ሹፌር ወርዶ ከኋላ ሲከፍተው የጋለ ዘይት ሽታ ወጣ። ወዲያው ጀሪካን አንሥቶ ውሃ ሊደፋበት ሲል፣ ብስክሌቱን አቁሞ ያየን የነበረ አንድ ጎልማሳ «ተው! ተው ልጄ! ውሃ እንዳታስነካው!» ብሎ ጮኸ። መካኒክ ኖሯል።

«እንዲበርድልኝ እኮ ነው፣ ጋሼ» አለው ልጁ።

«መብረዱንስ ይበርዳል፤ ግን ይሰነጠቅብሃል። ዝም ብለህ ጠብቀው።»

ከዚያ ጎንበስ ብሎ በክንፎቹ መካከል የጠጠረውን ቆሻሻ በሽቦ ጫፍ እየጫረ አሳየው። አቧራና ዘይት ተለውሶ፣ በሞተሩ ግለት እንደ ሸክላ ተተኩሶ፣ ክንፍ ከክንፍ አይለይም ነበር። «አየኸው? በዚህ ፀሐይ ሞተርህ ጋቢ ለብሶ ነው የሚሮጠው» አለው።

ስለ ሙቀት መተላለፍ ያነበብኩት ጥቂት አይደለም። የዚያን ሰው ያህል በአንድ ዐረፍተ ነገር የነገረኝ ግን የለም። እስቲ ጋቢውን እንፍታው።

ጋቢ ራሱ እሳት አይደለም፤ ሙቀት አይፈጥርም። የሚያሞቀን ከገላችን የሚወጣውን ሙቀት አላሳልፍ ስለሚል ነው። ይህንንም የሚያደርገው ከጥጡ ይልቅ በጥጡ ፈትል መካከል ታስሮ የቀረው አየር ነው። የረጋ አየር ሙቀትን በማሳለፍ እጅግ ደካማ ነው። መሐንዲሶች ይህን የሚለኩት እንዲህ ነው። አንድ ሜትር ውፍረትና አንድ ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ነገር በአንዱና በሌላው ፊቱ መካከል የ1 ዲግሪ ልዩነት ሲኖር ስንት ዋት ሙቀት ያሳልፋል? መዳብ 400 ያህል ያሳልፋል። ለሞተር የሚቀለጠው የአሉሚኒየም ቅይጥ 130 አካባቢ፣ ተራ ብረት 50፣ የማይዝገው ብረት 15 ገደማ ነው። ሸክላ ከ1 ብዙም አይርቅም። የረጋ አየር ግን 0.026 ብቻ ነው። አሉሚኒየሙ ከአየሩ 5,000 ጊዜ ይበልጣል ማለት ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ደግሞ ባልዲ አስቡ። ታችኛው ጎኑ የተበሳ ባልዲ ነው። ቧንቧ ሥር አስቀምጣችሁ ውሃውን በእኩል ኃይል ልቀቁት። መጀመሪያ ውሃው ከፍ እያለ ይሄዳል፤ ከፍ ባለ ቁጥር ግን በቀዳዳው የሚወጣው ይበረታል። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ የሚገባውና የሚወጣው ይተካከላል፤ ውሃውም ሳይጨምር ሳይቀንስ እዚያው ይረጋል። የሞተርም ሙቀት እንደዚሁ ነው። ጠዋት ሲነሣ ይሞቃል፤ ጥቂት ከሠራ በኋላ ነዳጁ የሚሰጠው ሙቀትና ወደ አየር የሚወጣው ሙቀት ይተካከሉና መጠኑ ይረጋል። በሙያው ቋንቋ የረጋ የሙቀት ፍሰት የሚባለው ይህ ነው። አሁን ቀዳዳውን በግማሽ በጨርቅ ድፈኑት። ውሃው ወዲያው ሞልቶ አይፈስም፤ ነገር ግን ከድሮው ከፍ ብሎ አዲስ መርጊያ ይፈልጋል። ባልዲው አጭር ከሆነ ግን ሞልቶ ይፈሳል። ያ ልጅ የገጠመው እንግዲህ ይኸው ነው፤ ነዳጁ አልጨመረም፤ የሙቀቱ መውጫ ነው የተደፈነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ይህን ሁሉ በሂሳብ ያሰረው ጆሴፍ ፉሪዬ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። የልብስ ሰፊ ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1798 ከናፖሊዮን ጦር ጋር ግብፅ ድረስ ሄዷል። ሙቀት በጠጣር ነገር ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ የመረመረበት ትልቁ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1822 ታተመ። ከአምስት ዓመት በኋላ ጀርመናዊው ጆርጅ ኦም የኤሌክትሪክን ሕግ ሲያወጣ የፉሪዬን መንገድ ተከትሎ ነው። ስለዚህ የቤት መብራት የሚዘረጋ ኤሌክትሪሺያን የሙቀትን ነገር ግማሹን ያውቀዋል ብል ማጋነን አይሆንም። የሙቀት ልዩነት እንደ ቮልቴጅ ነው፤ የሚፈሰው ሙቀት እንደ ከረንት፤ በመካከል የሚቆመው ደግሞ እንደ ሪዚስታንስ ነው። እኛ ዛሬ ይህን የመጨረሻውን እንቅፋት እንበለው። የሚፈሰውን ሙቀት ለማወቅ የሙቀቱን ልዩነት ለእንቅፋቱ ማካፈል ነው። እንቅፋቶች በተርታ ከቆሙ ይደመራሉ።

የእንቅፋቱስ መጠን ከየት ይመጣል? ሙቀቱ የሚያልፍበት ግድግዳ ሲወፍር ይጨምራል፤ ሲሰፋ ይቀንሳል፤ ዕቃው ሙቀት አሳላፊ ሲሆን ደግሞ ይበልጡን ይቀንሳል። ግን ግድግዳው ብቻውን አይደለም። ማንኛውንም ነገር ስስ የአየር ሽፋን ያለብሰዋል፤ ያ ሽፋን የራሱ እንቅፋት አለው። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው።

የቤታችንን ቆርቆሮ ውሰዱ። ውፍረቱ 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው እንበል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የቆርቆሮው የራሱ እንቅፋት 0.000006 ብቻ ነው። ከሥሩና ከላዩ ያለው ስስ አየር አንድ ላይ ግን 0.14 አካባቢ ይደርሳል። ቆርቆሮው በሂሳቡ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። እጥፍ ወፍራም ቆርቆሮ ገዝታችሁ ብታለብሱት ለሙቀቱ ምንም አታደርጉለትም፤ ኮርኒስ ሠርታችሁ በመካከሉ አየር ብታስሩ ግን ልዩነቱ ወዲያው ይሰማችኋል። ሃያ ሳንቲ ሜትር የሣር ክዳን ደግሞ ብቻውን ከ2 በላይ ነው። ከቀርከሃ ተሠርቶ ሣር የለበሰ የሲዳማ ጎጆ ቀትር ላይ የሚሰጠው ቅዝቃዜ ከዚህ ነው የሚመጣው። ፀሐይ ስለምትወጣና ስለምትገባ የጣሪያ ሂሳብ በእርግጥ ከዚህ የበለጠ ይወሳሰባል፤ ዋናው ነገር ግን አይለወጥም። ማንኛውንም ነገር ከመጨመራችሁ በፊት ትልቁ እንቅፋት የትኛው እንደሆነ ፈልጉ።

ወደ ባጃጁ እንመለስ። ወረቀትና እስክሪብቶ ያላችሁ አቅርቡ።

ሲሊንደሩና ከላይ የሚከድነው ቴስታታ አንድ ላይ ክንፍ የሌላቸው ለስላሳ ቢሆኑ ኖሮ የውጭ ስፋታቸው 0.03 ካሬ ሜትር ያህል ይሆን ነበር፤ ይህ ከአንድ የደብተር ሽፋን ብዙም አይበልጥም። በዚያ በኩል 2,000 ዋት ሙቀት መውጣት አለበት እንበል። የግድግዳው ውፍረት 8 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ከሆነ እንቅፋቱ 0.002 ይሆናል። ሁለት ሺህን በ0.002 አባዙት፤ 4 ዲግሪ። ሙቀቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ግድግዳውን ሲያቋርጥ 4 ዲግሪ ብቻ ነው የሚወርደው። አሉሚኒየሙ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል።

ቀጥሎ ያለው አየር ነው። ማራገቢያ ቢነፍስበትም እንኳ በአንድ ካሬ ሜትር፣ በአንድ ዲግሪ ልዩነት፣ 50 ዋት ያህል ብቻ ይወስዳል ብንል፣ የአየሩ እንቅፋት 0.67 ይደርሳል። ሁለት ሺህን በ0.67 አባዙት፤ ከ1,300 ዲግሪ በላይ! አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። ክንፍ የሌለው ሞተር እንግዲህ ከመሮጡ በፊት ይፈሳል ማለት ነው። ትልቁ እንቅፋት የትኛው እንደሆነ አሁን ግልጽ ይመስለኛል። አሉሚኒየሙን በመዳብ ብንቀይረው ከ4 ዲግሪ ውስጥ ሁለቱን ሦስቱን ብናተርፍ ነው። ችግሩ ያለው አየሩ ዘንድ ነው።

አየሩን አሉሚኒየም ማድረግ አንችልም። የምንችለው አየሩን የሚነካውን ስፋት ማብዛት ነው። ከሲሊንደሩና ከቴስታታው ዙሪያ ሃያ ያህል ስስ ክንፎች፣ እያንዳንዳቸው 25 ሚሊ ሜትር ወጣ ብለው ቢደረደሩ፣ ሁለቱም ፊታቸው ሲቆጠር ስፋቱ 0.4 ካሬ ሜትር ይደርሳል። እንቅፋቱም ከ0.67 ወደ 0.053 ይወርዳል። አሁን ሁለት ሺህን አባዙት፤ 106 ዲግሪ። የሐዋሳ ቀትር አየር 28 ዲግሪ ከሆነ ሞተሩ በላዩ 134 ዲግሪ አካባቢ ይረጋል። ዘይቱ ይችለዋል፤ ብረቱም ይችለዋል። የደብተር ሽፋን የምታህለውን ቦታ ጠረጴዛ አሳከልናት፤ ይኸው ነው የክንፍ ጥበብ። በየሰፈሩ ምሰሶ ላይ በተሰቀለው የመብራት ትራንስፎርመር ጎን የምታዩአቸው ስስ ቆርቆሮዎችም፣ ኮምፒውተር ሲከፈት ከማራገቢያው ሥር የሚታየው የአሉሚኒየም ማበጠሪያ የሚመስለው ነገርም ይህንኑ ይሠራሉ።

(አጭር ሙዚቃ)

«ታዲያ ክንፉን ለምን እጥፍ አያስረዝሙትም?» የሚል አድማጭ እንደማይጠፋ እገምታለሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱንም አሞራ ገደል ሄደን እናገኘዋለን።

ሐይቁ ዳር ቆሮሶ ዓሣ የሚጠብሱትን እናቶች አይታችኋል። የመጥበሻው ዘይት 180 ዲግሪ ደርሷል፤ እነሱ ግን እጀታውን በባዶ እጃቸው ይዘው ያነሡታል። እጀታው 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የብረት ዘንግ ነው። ሙቀቱ ከመጥበሻው ተነሥቶ በዘንጉ ሲጓዝ መንገድ ላይ በጎን በጎኑ ለአየር እያካፈለ ይሄዳልና ጫፉ ሲደርስ የቀረው ጥቂት ነው። የእሳቱ ወላፈን ካላገኘው የጫፉ ሙቀት 40 ዲግሪ አካባቢ ነው። እጀታው ከአሉሚኒየም ቢሆን ግን ጫፉ ከ80 ዲግሪ ያልፍ ነበር፤ ያለ ጨርቅ የሚያዝ አይደለም። እጀታ ማለት እንግዲህ ሰነፍ እንዲሆን የምንፈልገው ክንፍ ነው፤ ጫፉ ሙቀት ባይደርሰው ደስ ይለናል። የሞተር ክንፍ ግን ጫፉም መሥራት አለበት። ቀዝቃዛ ጫፍ ለአየሩ የሚሰጠው የለውም፤ እንዲያው ክብደት ነው።

ለዚህ ነው ርዝመት ብቻውን የማይበቃው። 25 ሚሊ ሜትሩን የአሉሚኒየም ክንፍ 50 ብታደርጉት የሚያወጣው ሙቀት እጥፍ አይሆንም፤ 1.7 ጊዜ ያህል ነው። 100 ብታደርጉት አራት እጥፍ ስትጠብቁ 2.3 ታገኛላችሁ። ዕቃውም ወሳኝ ነው። 25 ሚሊ ሜትሩ የአሉሚኒየም ክንፍ መላው አካሉ እንደ ሥሩ የጋለ ቢሆን ሊሠራ ከሚችለው 94 በመቶውን ይሠራል። ያንኑ ከማይዝግ ብረት ብትሠሩት 67 በመቶ ይሆናል፤ ከሸክላ ብትሠሩት 18 በመቶ። ይህን ስሌት ለአውሮፕላን ሞተር ብለው በዝርዝር የሠሩት ሀርፐርና ብራውን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ናቸው፤ ጽሑፋቸው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1922፣ ልክ ከፉሪዬ መጽሐፍ መቶ ዓመት በኋላ ነው። ያኔ አውሮፕላን ላይ የታሰበው ዛሬ ከቱላ ድንች ያመላልሳል። ይህ ለእኔ ትልቅ ደስታ ነው።

ስለ ሐዋሳ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ከተማችን ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ነው ያለችው። እዚህ ውሃ በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላው አየሩ ስለሳሳ ነው። በባሕር ጠረፍ 100 የሚሆነው የአየር ግፊት እዚህ 81 ያህል ነው። ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ቀሎ ስለሚመጣ ይዞት የሚሄደውም ሙቀት ያንሳል። ያ 106 ዲግሪ ልዩነት ወደ 120 ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ የጠረፍ ከተማ ሹፌር ችላ ቢለው የሚያልፍለት ቆሻሻ የእኛን ሹፌር ቶሎ ያስቆመዋል።

ማራገቢያውም በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። የሞተር ብስክሌት ሞተር ፊት ለፊት ነፋስ ያገኛል። የባጃጁ ግን ከተሳፋሪው ጀርባ ታፍኖ ስለሚቀመጥ ከመንገዱ ነፋስ አይደርሰውም፤ ሕይወቱ በማራገቢያውና አየሩን በክንፎቹ መካከል እንዲያልፍ በሚያስገድደው ሽፋን ላይ ነው የተንጠለጠለው። አንዳንድ ሹፌሮች «አየር እንዲያገኝ» ብለው ያንን ሽፋን ያወልቁታል። እባካችሁ፣ ይህን አታድርጉ! አየር እንደ ውሃ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል፤ ሽፋኑ ከሌለ በጠባቡ ክንፍ መካከል መግባቱን ትቶ በጎን ይወጣል። ክፍት የመሰለው ሞተር በእውነቱ ታፍኗል።

ወደ ጋቢው ልመለስ። በክንፎቹ መካከል የጠጠረው ጭቃ ሁለት ጉዳት አለው። ስስ ሆኖ ክንፉን ቢለብስ አንድ ተጨማሪ እንቅፋት በተርታ ያቆማል፤ ይህ ይጎዳል እንጂ ወዲያው አይገድልም። ክፍተቱን ሙሉ በሙሉ ሲሞላው ግን ነገሩ ይለወጣል። አየሩ መግቢያ ያጣል፤ ያ ጠረጴዛ የሚያህል ስፋት ተመልሶ የደብተር ሽፋን ይሆናል። ያስታወሳችሁት እንደሆነ የአሉሚኒየሙና የአየሩ ልዩነት 5,000 ጊዜ ነበር፤ ክንፉ ምንም ያህል ጥሩ አሳላፊ ቢሆን የሚቀበለው አየር ከሌለ ምን ዋጋ አለው?

ውሃውስ? መካኒኩ ለምን ጮኸ? አሉሚኒየም ሲሞቅ ይሰፋል፤ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ከብረት እጥፍ ያህል ማለት ነው። የጋለ ቴስታታ ላይ ውሃ ሲፈስበት ላዩ በቅጽበት ይኮማተራል፤ ውስጡ ግን ገና እንደጋለ ነው። አንዱ ሲጠብ ሌላው አልጠብ ይላል። ወይ ይሰነጠቃል፣ ወይ ይጣመምና ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ማስተንፈስ ይጀምራል። ሃምሳ ሳንቲም በማይወጣበት አንድ ጣሳ ውሃ የብዙ ሳምንት ገቢ ይሄዳል። አንድ ሹፌር የዕለት ጉርሱን የሚያገኘው ከዚያች ሞተር ነውና ይህን ሳስብ ያመኛል።

ስለዚህ ማጠብ የሚገባው ጠዋት፣ ሞተሩ ሌሊቱን ከበረደ በኋላ ነው። ዘይት የሚያሟሟ ሳሙና፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ለጠበበው ቦታ የእንጨት ጭራ ይበቃል። ከዚያ ጣታችሁን በክንፎቹ መካከል አስገቡ፤ እያንዳንዱ ክንፍ ለየብቻው ሊዳሰስ ይገባል። የማራገቢያውንም ቅጠሎች አትርሱ። የሚያንጠባጥበው ዘይት ካልቆመ ጭቃው በሁለት ሳምንት ይመለሳልና የሚያፈስበትን ቦታ አስጠግኑ። ሞተር የሚግለው ደግሞ በክንፍ ብቻ አይደለም፤ ዘይት ሲጎድል፣ ጭነት ሲበዛ፣ የነዳጁና የአየሩ ልክ ሲዛባም ይግላል። ክንፉ ንጹሕ ሆኖ ሞተሩ ከጋለ ወደ ጋራዥ ይሂድ።

ያን ቀን አላሙራ ሥር አርባ ደቂቃ ያህል ጠበቅን። የጋለ ነገር መጀመሪያ ቶሎ፣ ኋላ ዝግ እያለ ነው የሚበርደው፤ ከአየሩ ጋር ያለው ልዩነት ሲጠብ የሚወጣውም ሙቀት ያንሳልና። ያ ሞተር ደግሞ ጋቢውን እንደለበሰ ስለነበር ከልኩ በላይ ቆየ። ሦስተኛው ተሳፋሪ ሌላ ባጃጅ ይዞ ሄደ። መካኒኩና ልጁ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ብረቱ ለእጅ ሲመች፣ እጃቸው የደረሰበትን ያህል በሽቦና በእንጨት ጭራ ጫሩት። የወደቀው ጭቃ አንድ እፍኝ ይሞላል። ሞተሩ ሲነሣ ድምፁ ተለውጦ ነበር። መናኸሪያ ስንደርስ ልጁ የባለ ድንቿን እናት ሒሳብ አልቀበልም አለ፤ «እናቴ፣ አቆየሁዎት እኮ» ብሎ ከረጢቶቹን እስከ መንገዱ ማዶ ተሸከመላቸው።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)